ካፒቴን ሚልክያስና ጥንዚዛው

ሰፈር ያለ ቧንቧ ይኖራል፤ ያለ መብራትም ስንት ዓመት ኖሯል። አዲስ ዕቃ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚገዛ አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። ይህ ሰው በየሄዳችሁበት አለ። የመጀመሪያውን ቴፕ ገዝቶ መንደሩን እንቅልፍ የነሳው እሱ ነው። የመጀመሪያውን የዲሽ ሳህን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ከሚስቱ ያጣላው እሱ ነው። ሞባይል ሲመጣም እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ለኮረብታ ሲንከራተት የታየው እሱው ነው። ዕቃው ይለዋወጣል፤ ሰውየው ያው ነው።

ጂንካ ላይ፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለው ሰፈር፣ ይህ ሹመት የሚልክያስ ነበር። ከአባቱ የወረሰው ነው ማለት ይቻላል። አባቱ ደርግ በወደቀ ሰሞን የቪዲዮ ማጫወቻ ከአርባ ምንጭ አስመጥተው፣ በጄኔሬተር እያስነሱ፣ ግማሹን ሰፈር ሳሎናቸው ወለል ላይ ያስቀመጡ ሰው ነበሩ። ልጁ አድጎ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ሆነ። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ሰውም ይወደዋል፤ በዚያው ቢቀር ኖሮ ይህን ሁሉ ማውራት ባላስፈለገ። አንድ ዓመት ግን አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ትከሻው ላይ ትንሽ ጥቁር ቦርሳ አንጠልጥሎ መጣ። ከቦርሳው ውስጥ ሲታጠፍ መዳፍ የሚያክል፣ ሲዘረጋ አራት ክንፍ የሚያወጣ፣ ከሆዱ ሥር አንዲት ዓይን የተሰካችበት ድሮን ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተራው ሚልክያስ ቀረና ክቡር ካፒቴን ሚልክያስ በምትኩ ተነሣ።

ማዕረጉን የሰጠው የሰፈሩ ሰው ነው፤ በአሽሙር። እሱ ግን እንደ ተሸለመ ሰው ተቀበለው። እንዲያውም በዚያው ሰሞን ግንባሩ ላይ የሚያጠልቃት ሰማያዊ ኮፍያ ገዛ።

እትዬ ብዙወርቅ የካፒቴኑ የአጥር ጎረቤት ናቸው። ከፊት ለፊት ሱቅ፣ ከኋላ ግቢ፣ ከግቢው መሀል አንድ የማንጎ ዛፍ አላቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ሰምሃልን ብቻቸውን አሳድገው አዋላጅ ነርስ አድርገዋታል። ሰምሃል ሃና ወደምትባል ሩቅ ከተማ ተመድባ ስትሄድ አልቅሰው ሸኟት። ከዚያ ወዲህ የቀራቸው ግዛት ያ ግቢ ነው። ቅዳሜ የገበያው ግርግር ሲበርድ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ጸጉራቸውን ታጥበው፣ ቅቤ ተቀብተው፣ ሰው ፊት በማይለበስ ቀሚስ ፀሐይ የሚሞቁት እዚያ ነው።

አንድ ቅዳሜ እንደዚያው ተቀምጠው ሳለ ከራሳቸው በላይ አንድ ነገር ዝዝዝ አለ። ጥንዚዛ መስሏቸው በእጃቸው ሊያባርሩት ሞከሩ። አልሄደም። ቀና ብለው ሲያዩ ጥንዚዛው በአንድ ዓይኑ ቁልቁል እያያቸው አየር ላይ ቆሟል። ከዚያ የሆነውን እሳቸው አያወሩትም፤ ያዩት ጎረቤቶች እንደሚሉት ግን እትዬ ብዙወርቅ ጉልበቴን ያመኛል ማለታቸው ዘበት መሆኑ የታወቀው ያን ዕለት ነው።

ካፒቴኑ ወዲያው ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። እሳቸውን እየቀረጸ እንዳልነበር፣ የሚቀጥለውን ሰርግ ድንኳን ቦታ ከላይ እያየ ሳለ ነፋስ ወደ ግቢያቸው እንደገፋው አንገቱን ደፍቶ አስረዳ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ይቅር ባሉት። አላበቃም።

"እትዬ፣ የኩሽናዎ ቆርቆሮ በጭስ ማውጫው በኩል ዝጓል። ከዝናቡ በፊት ቢያስቀይሩት ጥሩ ነው።"

"ቆርቆሮዬን እይልኝ ያለህ ማነው?"

"ከታች ሆነው እኮ አያዩትም። ከላይ ሲታይ ሌላ ነው።"

የካፒቴኑ ዋና በሽታ ይኸው ነበር። ማብረሩንስ ሰው በቻለው፤ ካወረደው በኋላ የሚያደርገው ነው ያስቸገረው። ድሮኑን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ እንደከተተ፣ እንደ ቆጠራ ሠራተኛ ቤት ለቤት እየዞረ ያየውን ሁሉ ለየባለቤቱ ያደርሳል። የአንዱን አጥር ጎረቤቱ ወደ ውስጥ ገፍቶታል። የሌላው ጣሪያ ላይ ዓምና የጠፋው ኳስ ተቀምጧል። የአንዷ ጎመን ከዳር በኩል ተባይ ጀምሮታል። ተቆጥቶ ለሚያባርረው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ "ከላይ ሲታይ ሌላ ነው" ይላል፣ አዝኖላችሁ፣ እናንተ ከታች በመቅረታችሁ።

ዝናቡ ሲመጣ የእትዬ ብዙወርቅ ኩሽና አፈሰሰ፤ በጭስ ማውጫው በኩል። ይህ ደግሞ ከምንም በላይ አናደዳቸው። ሰው ግቢያችሁን ሲያይባችሁ አንድ ነገር ነው፤ አይቶ ልክ ሲሆን ግን አይቻልም።

ከዚያ የቤቴል ሰርግ መጣ። ቤቴል የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ሰርጓ የወንጌላውያን ስለነበር ሁዳዴ አላገደውም፤ ቀራጩም እንደተለመደው ካፒቴኑ ነው። ከሰርጉ በኋላ ሰፈሩ ተሰብስቦ ፊልሙን ሊያይ ተቀመጠ። ሲከፈት ሰፈሩ በሙዚቃ ታጅቦ ከላይ ታየ። ሁሉም የየራሱን ጣሪያ በጣቱ እየጠቆመ ተደሰተ። ካሜራው ቀስ እያለ ዝቅ አለና በአቶ ዓባይነህ ጓሮ ላይ አለፈ። አቶ ዓባይነህ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የተገለሉ፣ ከጡረታ በኋላ ደግሞ የሰውን ጾም በመቆጣጠር የታወቁ ሰው ናቸው። ፊልሙ ላይ ግን ከእንሰቱ ሥር ቁጢጥ ብለው የተቀቀለ እንቁላል ይልጣሉ። አቶ ዓባይነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለበሽተኛ እየላጡ እንደነበር ተናገሩ። በሽተኛው ማን እንደሆነ ፊልሙ ራሱ ቀጥሎ አሳየ።

የንቡ ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከጂንካ በላይ ባለ አንድ የአሪ መንደር፣ የራሱ የካፒቴኑ የእናት ወገኖች ሰርግ ላይ ነው። የግቢው ትልቅ ዛፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ካፒቴኑ ሙሽሮቹን በቅጠል መሀል አሳልፎ ሊያሳያቸው ፈልጎ ድሮኑን በቀፎው አጠገብ አሳለፈ። ንቦቹ ጠላት መጣብን ብለው ወጡ። ድሮኑ ፈጣን ነው፤ አመለጠ። ሰርገኛው ግን ክንፍ አልነበረውም። አጎቶቹ በአሪኛ ምን ብለው እንደወረዱበት እሱ ሲተረጉም ግማሹን ይዘላል። የሙሽራው ፊት ያበጠበት ፎቶ ዛሬም ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል።

በመጨረሻ ነገሩ ቀበሌ ደረሰ። ያደረሱትም እትዬ ብዙወርቅ ናቸው፤ አቶ ዓባይነህ ከኋላ ሆነው አበረታቷቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ታምራት ድሮኑን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በጠንካራ ጎንና በደካማ ጎን ከፍለው አስገመገሙት። በጠንካራ ጎኑ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቀዳዳ ማግኘቱ፣ የወይዘሮ ተናኜ ላም ወንዙ ዳር ረግረግ ውስጥ ገብታ በቀረች ጊዜ ያለችበትን ማሳየቱ፣ ሰርግንም ማድመቁ ተነሣ። ደካማ ጎኑ ላይ ሲደረስ እጅ ያላወጣ አልነበረም። ሕፃናት ያስለቅሳል፣ ውሾችን ያሳብዳል፣ የጸሎት ሰዓት አያከብርም፣ የሰው ገበና ያያል። አቶ ዓባይነህ "ገበና" የሚለውን ቃል ደጋግመው ተናገሩ።

ካፒቴኑ ኮፍያውን አውልቆ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሁሉንም ቆሞ ሰማ። የሚለው ካለ ተጠየቀ። ልክ ናችሁ፣ አስቸግሬያችኋለሁ፣ አለ። እንደዚያ ብሎ ዝም ይላል ያለ ሰው ስላልነበር ሰዉ ጥቂት ግራ ተጋባ። ውሳኔው የግቢው ባለቤት ካልፈቀደለት በቀር በማንም ሰው ግቢ ላይ እንዳያበር ሆነ። እትዬ ብዙወርቅ አሸንፈው ወጡ። ያን ቀን ከሰዓት ግቢያቸው ውስጥ ወጥተው ተቀመጡ፤ ሰማዩ ባዶ ነበር፤ ደስ አላቸው።

ማታውን ዝናብ ጀመረ፤ መብራትም ጠፋ። ሲነጋም አላባራም።

ሰምሃል በዋዜማው ደውላ ፈቃድ እንዳገኘች፣ በአንድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥም ቦታ እንደተያዘላት፣ በጠዋት ተነሥታ እንደምትመጣ ነግራቸዋለች። እትዬ ብዙወርቅ ምሳ ሠርተው ጠበቁ። ምሳው ቀዘቀዘ። ስልኳን ሲሞክሩ ለጊዜው ማግኘት አይቻልም የምትለው ድምፅ ብቻ ትመልሳለች። ሃና ኔትወርክ መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ከዚያ ከመናኸሪያው በኩል ወሬ መጣ። በሃና መንገድ ላይ ያለው ፈፋ ሞልቷል፤ ሊሻገር የገባ አንድ አይሱዙ ውሃ ወስዶታል። ወሬውን ያመጣው ሰው ከሌላ ሰው ነው የሰማው። ያ ሌላ ሰው የት እንዳለ ማንም አያውቅም።

እትዬ ብዙወርቅ ሱቃቸውን ክፍት ትተው ወጡ። እግራቸው የወሰዳቸው ወደ ካፒቴኑ በር ነው። በሩ ላይ ደርሰው ነው ትናንት ያደረጉት ትዝ ያላቸው። ሊመለሱም አልቻሉም፤ ማንኳኳትም አቃታቸው። በዝናቡ ቆመው ሳለ እሱው ወጣ፤ ፊታቸውን አየ።

"ሰምሃል ከሃና እየመጣች ነበር" አሉት።

ካፒቴኑ ተመልሶ ገባ፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ ጋቢ አምጥቶ ትከሻቸው ላይ ጣለላቸው። ከዚያ ፒክ አፕ ያለውን ተፈሪን ከቤቱ ጠርቶ፣ ሦስቱም ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተው የሃናን መንገድ ያዙ።

መንገዱ ላይ ካፒቴኑ አላወራም። ይሄ ራሱ ያስፈራ ነበር። ተፈሪ ዝምታው ሲከብደው ወሬ ፈልጎ፣ ባለፈው ቀይ አፈር ወደምትባለው ከተማ ለሐሙስ ገበያ ሲያደርሰው የሆነውን አነሣ። ካፒቴኑ ድሮኑን ገበያው ላይ አስነሥቶ ቀርጾ ሲያበቃ አንድ የበና ብሔረሰብ ሽማግሌ በአስተርጓሚ ጠሩት። ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ፎቶ ላንሣህ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፤ ይሄ የአንተ ነገር ግን ማንን ጠየቀ አሉት። ካፒቴኑ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ እያሳያቸው፣ ሙሉ ቀኑን የቀረጸውን ሁሉ አጠፋው። ተፈሪ ይህን የተናገረው እንደ ቂልነት ነው፤ ነዳጅ ጨርሰው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው እስከ ዛሬ ይከነክነዋል። እትዬ ብዙወርቅ በጭንቀታቸው መሀል ቀና ብለው ካፒቴኑን አዩት። እሱ በመስኮቱ ሰማዩን እያየ ነበር፤ ዝናቡ እየሳሳ ነው።

ፈፋው ጋ ሲደርሱ ወዲህ ማዶ ብዙ ሰው ቆሟል። በበጋ ወንዝ መሆኑን ማንም የማያስታውሰው ደረቅ ጉድጓድ አሁን ቡናማ ውሃ ሞልቶት፣ ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ እያንከባለለ ያልፋል። ድምፁ ሰው ከሰው አያሰማማም። ከወዲያ ማዶ መንገዱ ጥቂት ይወጣና ቁጥቋጦው መሀል ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው አይታይም። አንዱ ነጭ ነገር ሲንከባለል በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። ሌላው መኪና ነው ይላል። ሦስተኛው መኪና ቢሆን ጎማው ይታይ ነበር ብሎ ይከራከራል። እትዬ ብዙወርቅ የመኪና ጎማ ከውሃ በላይ ሲሆን አሰቡና ጋቢውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ካፒቴኑ ድሮኑን ዘረጋ። ዳርጌ የሚባል፣ ሰዉን ከውሃው እንዲያርቅ የተመደበ ወጣት ፖሊስ ወዲያው መጣ።

"ይሄ ነገር ፈቃድ አለው?"

ካፒቴኑ እጁ ቆመ። እትዬ ብዙወርቅ በሁለቱ መሀል ገቡ።

"እኔ ፈቅጄለታለሁ።"

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"ትናንት ያስከለከልኩት።"

ዳርጌ ነገሩ አልገባውም። ፊታቸውን ግን አየ፤ በዝናብ ከረጠበው በላይ በሌላ ነገር ረጥቧል። ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ በጣም የሚያሳስበው ነገር ያየ ሰው ይመስል ውሃውን ትኩር ብሎ ማየት ጀመረ።

መብራት ስለጠፋ የሞላው ባትሪ አንድ ብቻ ነበር። ካፒቴኑ ዝቅ ብሎ በጆሯቸው፣ ባትሪው ለሁለት ቦታ እንደማይበቃ ነገራቸው። ወይ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይሄዳል፣ ወይ ተሻግሮ መታጠፊያውን ያያል።

"የቱ ይሻላል፣ እትዬ?"

ወደ ታች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እትዬ ብዙወርቅ እጃቸውን አንሥተው ወዲያ ማዶን አመለከቱ።

ድሮኑ ተነሣ። ያን ዝዝታ ስንት ጊዜ ረግመውት ነበር፤ አሁን በጎርፉ ድምፅ ተውጦ ሲጠፋባቸው ጆሯቸውን አቀኑ። ካፒቴኑ መቆጣጠሪያው ላይ የተሰካችውን ስልክ ወደ እሳቸው አዘነበለላቸው። መጀመሪያ ውሃው አለፈ። ከዚያ ባዶ መንገድ፣ ጭቃ፣ ቁጥቋጦ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስም ባዶ ነው። ድሮኑ ጠመዝማዛውን ተከትሎ ጥቂት ገፋ አለና፣ መንገዱ ዳር የቆመ አንድ ነጭ አይሱዙ ታየ። ቆሟል፣ በአራቱም ጎማው። ከኋላው ሌላ መኪና፣ ከዚያም ሌላ። ከመንገዱ በላይ ባለው ዳገት ላይ ሰዎች በየዛፉ ሥር ተበታትነው ተቀምጠዋል።

ከዚያ ከፍታ ላይ ሰው ማለት ጃንጥላና ኮፍያ ብቻ ነው። ካፒቴኑ ቀስ አድርጎ አወረደው። በየዛፉ ሥር ያለው ሰው አንድ በአንድ ቀና አለ። አንዲት ልጅ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ፣ የሰው ሕፃን በአንድ ክንዷ አቅፋ፣ በሌላው እጇ ሸንኮራ ይዛ በጥርሷ ትልጣለች።

"እሷ ናት" አሉ እትዬ ብዙወርቅ።

እጭቃው ላይም ቁጭ አሉ። ከዚያ ተቆጡ። እናቷ እዚህ ስትሞት እሷ ሸንኮራ ትመጣለች አሉ፤ አጠገባቸው የቆሙት ሴቶችም አዎ፣ ልጆች እንደዚህ ናቸው እያሉ አብረዋቸው አለቀሱ።

ወዲያው ሰዉ ሁሉ ካፒቴኑን ከበበው። ወዲያ ማዶ ሰው የሌለው አልነበረም። አንዷ ባሏን፣ አንዱ እህቱን፣ አንዱ ሾፌር የሆነ ልጁን ይጠይቃል። ካፒቴኑ ድሮኑን ከዛፍ ዛፍ እያዞረ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ሰው አሳየ። ዳርጌም ጀርባውን መስጠቱን ረስቶ በትከሻው በኩል አንገቱን አስገባና፣ ያ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰው የሥራ ባልደረባው እንደሆነ ነግሮ ጥቂት ዝቅ እንዲያደርግለት ለመነው። መቆጣጠሪያው ላይ ያለችው ስልክ፣ የድሮኑ ባትሪ እያለቀ ነው ብላ መጮህ ከጀመረች ቆይታለች። ካፒቴኑ አልሰማም ማለት አይቻልም፤ ያቺን ድምፅ እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። መመለስ የነበረበት ሰዓት ሰምሃል ስትገኝ ነበር። አሁን ነፋሱ ወደ ወዲያ ነው፤ ቢመልሰው መሀል ውሃው ላይ ይወድቃል። እትዬ ብዙወርቅ ከጭቃው ላይ ሆነው ፊቱን አዩት። አንድ ሰው ገና አልተገኘለትም ነበር፤ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን። እሱን ፈልጎ፣ ከአይሱዙው ሥር ተጠልሎ አገኘው።

ከዚያ ድሮኑን ወደ ሰምሃል መለሰውና እግሯ ሥር፣ ሣሩ ላይ አሳረፈው። የካፒቴኑ ስልክ ላይ መጀመሪያ ሣር ብቻ ታየ፤ ቀጥሎ ጫማ፤ ቀጥሎ እጅ። ከዚያ የሰምሃል ፊት መስተዋቱን ሞልቶ መጣ። ትስቃለች። አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?"

"ድምፅ አይሰማም፣ እትዬ።"

ይህን ሲል የድሮኑ ባትሪ አለቀና ስልኩ ጠቆረ።

ውሃው የጎደለው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ተወሰደ የተባለውም ነገር ታወቀ። አይሱዙው ሊሻገር አፍንጫውን አስገብቶ፣ ፈርቶ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ከጭነቱ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ የውሃ ሮቶ ወድቆበት ነበር። ከሮቶው በቀር የጠፋ አልነበረም። ይህ ሲነገር ወዲህ ማዶ ያደረው ሰው በየቆመበት ሳቀ፤ ትናንት መኪና ነው ብሎ የማለው ሰውዬ ከሁሉ በላይ ሳቀ።

ሰዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው በእግራቸው መሻገር ጀመሩ። እትዬ ብዙወርቅ ካፒቴኑን በዓይናቸው ተከተሉት፤ የመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሚሆን እርግጠኛ ነበሩ። ሰምሃል ድሮኑን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ከወዲያ ማዶ ቆማለች። ካፒቴኑ ጭቃውን እየሰነጠቀ ሄደ፤ አልፏትም ሄደ። ከኋላዋ የሕፃኑ እናት ከነዕቃዋ መሻገር አቅቷት ቆማ ነበር። ሕፃኑን ተቀበላት፤ ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ አንድ አንድ እግሩን እየመረጠ አሻገረው። ከዚያ ለሻንጣዋ ተመለሰ። ከዚያ ለሽማግሌው የልጅ ልጅ። ኮፍያውን ውሃው ሲወስድበት ዞር ብሎም አላየ።

ሰምሃል ተሻግራ ድሮኑን ለእናቷ አቀበለችና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እናትየው ትናንት ምን እንዳለች ጠየቋት።

"አብረውኝ ለተቀመጡት፣ የእኛ ሰፈር ጥንዚዛ ነው፤ እናቴ ወንዙ ዳር ናት አልኳቸው።"

ፒክ አፑ ሲመለስ ሞልቶ ነበር። ካፒቴኑ ከተፈሪ ጎን ከፊት ተቀመጠ፤ እናትና ልጅ ከኋላ፣ ከሕፃኑና ከእናቱ ጋር ጭነቱ ላይ ሆኑ። ፀሐይ ወጥታለች፤ መንገዱ ይጨሳል። ካፒቴኑ አፉ ተከፍቶ፣ ጎርፉ ከላይ ምን ይመስል እንደነበር ለተፈሪ መተረክ ጀመረ። እትዬ ብዙወርቅ ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ ሰሙት፤ ልጃቸው ትከሻቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ጩኸት ደስ ሊል ይችላል ብለው አስበው አያውቁም።

መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ትረካው በመሀሉ ተቋረጠ። ካፒቴኑ ጭኑን ዳሰሰ፤ ከእግሩ ሥር ፈለገ፤ ባዶ ቦርሳውን ከፍቶ ዘጋ። ተፈሪን አስቆመውና ወርዶ፣ ባዶ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ መጡበት መንገድ ማየት ጀመረ። እዚያው ወንዙ ዳር ረስቼው መጣሁ አለ፤ ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆኖ ነበር።

እትዬ ብዙወርቅ ጭነቱ ላይ እንደተቀመጡ ጋቢያቸውን በአንድ በኩል ጥቂት ገለጥ አደረጉ። ጥንዚዛው ክንፉን አጣጥፎ፣ ጭቃው ተጠርጎለት፣ ጭናቸው ላይ ተኝቷል።

"እዚህ ነው፣ ካፒቴን" አሉት። "ደክሞታል፤ ቤት እስክንደርስ እኔ ጋ ይሁን።"

ጋቢውን መልሰው አለበሱት።